ብርሃን ይሁን ከመባሉ በፊት

በሃይማኖታዊ ንግግራችን ብርሃንና ጨለማ ድንበራቸውን ከተካለሉ ቆይተዋል። ብርሃን የእግዚአብሔር፣ የጽድቅ፣ የእውቀትና የሕይወት ወገን ሆኗል፤ ጨለማ የሰይጣን፣ የኃጢአት፣ የድንቁርናና የሞት። ሰባኪው በዐውደ ምሕረት፣ ጸሐፊው በመጽሐፉ፣ የፖለቲካ ሰውም በመድረኩ ይህን ክፍፍል እንደ ተረከበው ያስረክባል። ክፍፍሉ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቀዳ ነውና ሐሰት ነው የሚል አይኖርም። ነገር ግን ግማሽ ነው። እነዚያው መጻሕፍት፣ የአባቶች ትምህርት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ሳይቀር፣ ጨለማ የእግዚአብሔር ፍጥረትም መጋረጃም መሆኑን ይመሰክራሉ። ወንጌልም በዙሪያችን ካለው ጨለማ አብልጦ የሚያስጠነቅቀን «በእኔ ዘንድ አለ» ብለን ስለምንታመንበት ብርሃን ነው። ይህን ግማሽ ስንዘነጋ ሁለት ጥፋት እናጠፋለን። በጨለማ ውስጥ ያለውን ሰው እግዚአብሔር የራቀው አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ራሳችንን ደግሞ ተመርምሮ የማያውቅ ብርሃን ባለርስት እናደርጋለን።

ከሥነ ፍጥረት እንነሣ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እግዚአብሔር በዕለተ እሑድ ከፈጠራቸው ፍጥረታት መካከል ጨለማ ይቆጠራል። አራቱ ባሕርያት፣ ጨለማ፣ ሰማያትና መላእክት በአርምሞ፣ ማለትም በዝምታ፣ ተፈጠሩ፤ ብርሃን ግን በነቢብ፣ ማለትም በመናገር፣ ተፈጠረ ይላሉ መምህራኑ። መጽሐፈ ኩፋሌም በ2ኛው ምዕራፍ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ሲዘረዝር ጨለማን ከብርሃን ጎን ያኖረዋል። ትውፊቱ በዚህ አያበቃም። መላእክት ተፈጥረው ራሳቸውን በጨለማ ውስጥ ሲያገኙ ማን እንደ ፈጠራቸው አላወቁም፤ እርስ በርሳቸውም ተጠያየቁ። በማዕርግ ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ አላቸው። ያመኑት ነበሩ፣ የተጠራጠሩም ነበሩ። ቅዱስ ገብርኤል ግን አምላካችንን እስክናገኝ እያንዳንዳችን በየቦታችን ጸንተን እንቁም ብሎ አረጋጋቸው። ብርሃን ይሁን የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት መሠረት የመጀመሪያው ሐሰት በጨለማ ተነገረ፤ የመጀመሪያው እምነትም በዚያው ጨለማ ውስጥ ጸና። ጨለማው ለሁለቱም አንድ ነበረ። ሳጥናኤልን ያሳሳተው ጨለማው ቢሆን ኖሮ ገብርኤልንም ባሳሳተው ነበር። የሳጥናኤል በደል መልስ ባልተሰጠበት ሰዓት ራሱን መልስ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ሌሎቹ እስኪበራ ጠበቁ፤ እርሱ ግን መጠበቁን አልፈለገም፣ የሚጠበቀው እኔ ነኝ አለ። ለኔ እንደሚመስለኝ የሊቃውንቱ ትውፊት ስለ ክፋት ምንጭ ከተናገረው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥልቅ ነገር ጥቂት ነው።

ጨለማን እንዲህ ከፍጥረት ወገን ማድረግ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በ3ኛው መቶ ዘመን በፋርስ ግዛት የተነሣው ማኒ፣ ዓለም ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ሁለት መንግሥታት፣ የብርሃንና የጨለማ፣ የሚዋጉባት ሜዳ ናት ብሎ አስተምሯል። ትምህርቱ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ቻይና ተስፋፋ፤ በኋላ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ እንኳ ከመጠመቁ በፊት 9 ዓመት ያህል ተከትሎታል። ሰው የሚማረክበት ምክንያት አይጠፋም። ክፋት ከየት መጣ ለሚለው ከባድ ጥያቄ አጭር መልስ ይሰጣል፤ በዳዩንም ከኃላፊነቱ ያሳርፈዋል፣ የበደለው በውስጡ ያለው ጨለማ እንጂ እርሱ አይደለምና። የቂሣርያው ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰበከው በሁለተኛው ድርሳን ጥልቁን ሸፍኖ የነበረውን ጨለማ ክፉ ኃይል አድርገው የሚተረጉሙትን በብርቱ ይቃወማቸዋል። ያ ጨለማ ብርሃን ያላገኘው አየር ነው፤ ክፋት ግን ከውጭ የሚመጣ ባላጋራ ሳይሆን ከነፍስ ፈቃድ የሚወለድ ነው ይላል። ባስልዮስ ጨለማን የብርሃን መጉደል ሲለው የእኛ ሥነ ፍጥረት እንደ ፍጥረት ይቆጥረዋል፤ ልዩነት አለ። ሁለቱ ግን የሚዘጉት በር አንድ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር የሚገዳደር የጨለማ አምላክ የለም። ነቢዩ ኢሳይያስም በ45ኛው ምዕራፍ ለፋርሱ ንጉሥ ለቂሮስ በተነገረው ትንቢት ውስጥ ብርሃንን የሠራውና ጨለማን የፈጠረው ያው አንዱ እግዚአብሔር መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯል።

ጨለማ ፍጥረት መሆኑ ብቻ ቢሆን ነገሩ ባልከበደ። መጻሕፍቱ ግን ከዚህ አልፈው እግዚአብሔርን በጨለማ ውስጥ ያገኙታል። በዘፀአት 20ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ርቆ ሲቆም ሙሴ እግዚአብሔር ወዳለበት ድቅድቅ ጨለማ ቀረበ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ እግዚአብሔር በጨለማ ውስጥ ሊኖር መናገሩን አስታወሰ። የደብተራ ኦሪት አሠራርም ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። አደባባዩ በፀሐይ ይበራል፤ በቅድስቱ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው የወርቅ መቅረዝ ንጹሕ የወይራ ዘይት እየጠጣ ይበራል፤ ታቦቱ በሚያድርበት በቅድስተ ቅዱሳን ግን አንድም መብራት እንዲቆም አልታዘዘም። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ሲገባ እንኳ የዕጣኑ ጢስ የስርየት መክደኛውን እንዲሸፍን ታዝዟል። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ይህን ሥርዓት ይዘዋል። ከዐጸዱ ፀሐይ ተነሥቶ ወደ ቅኔ ማኅሌት፣ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት የሚዘልቅ ሰው በየደረጃው ብርሃኑ እየቀነሰበት ይሄዳል፤ መቅደሱ ደግሞ በመጋረጃ ተጋርዶ ከውስጥ የሚታየው የጥቂት ጧፍ ነጸብራቅ ነው። በላሊበላ ከአለት በተፈለፈሉት ቤቶች ይህ ነገር ይበልጥ ይጎላል። በውጭ ያለው የደጋ ፀሐይ ዐይን የሚወጋ ነው፤ ደፉን አልፎ የገባ ሰው ግን ዐይኑ እስኪለምድ ድረስ ባለበት መቆም አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው በመስቀል ቅርጽ ከተፈለፈሉት ትንንሽ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ዓምዱን፣ ቅስቱን፣ የካህኑን ነጠላ አንድ በአንድ የሚገልጥለት። እነዚያ ጠራቢዎች ሰፊ መስኮት መክፈት ተስኗቸው አልነበረም። ወደ እግዚአብሔር መቅረብ የዐይንን ሥልጣን እያሳነሰ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ መቃወሚያ አለ። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ገና ከመነሻው እግዚአብሔር ብርሃን እንደ ሆነ፣ ጨለማም በእርሱ ፈጽሞ እንደሌለ ጽፏል። ታዲያ በጨለማ ይኖራል የሚለውን ከዚህ ጋር እንዴት እናስታርቀዋለን? መልሱ ጨለማው የማን ነው በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። ዮሐንስ የተናገረው ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ነው፤ ዘፀአት የሚናገረው ስለሚቀርበው ሰው ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔር ማንም ሊቀርበው በማይችል ብርሃን ውስጥ እንደሚኖር ይነግረዋል፤ ሊቀረብ የማይቻል ብርሃን ደግሞ ለፍጡር ዐይን ጨለማ ነው። የባስልዮስ ወንድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ የሙሴን ሕይወት ሲተረጉም ይህን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጦታል። ሙሴ አስቀድሞ በሚነደው ቁጥቋጦ ብርሃን አየ፣ ቀጥሎ በደመና ተመራ፣ በመጨረሻ ወደ ጨለማው ገባ። ጎርጎርዮስ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም፤ ዕድገት ነው። ጀማሪው ከስሕተት ወደ እውነት ሲወጣ በእርግጥ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ የበረታው ደግሞ እግዚአብሔር ከማንኛውም ሐሳቡ በላይ መሆኑን ሲረዳ በማያውቀው ፊት ዝም ይላል። ከደማስቆ አጠገብ ሳውል ላይ የወረደው ብርሃን 3 ቀን ዐይኑን ማሳወሩም በዚሁ ይነበባል። ሳውል በራሱ ግምት ከዚያ በፊት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየው ነበር፤ ሲያሳድድም ለእግዚአብሔር የሚሠራ መስሎት ነበር።

ሌላው መቃወሚያ ከራሱ ከዮሐንስ ወንጌል ይነሣል። በ3ኛው ምዕራፍ ሰዎች ሥራቸው ክፉ ስለ ነበረ ከብርሃን ይልቅ ጨለማን እንደ ወደዱ ተጽፏልና ጨለማ እንዴት ይመሰገናል የሚል ይኖራል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ማንበብ ግን ይጠቅማል። ያ ቃል የተነገረው በሌሊት ለመጣ ሰው ነው። ኒቆዲሞስ ፈራ ተባ እያለ ጨለማን ተገን አድርጎ መጣ፤ ጌታም ለምን በሌሊት መጣህ ብሎ አልመለሰውም፣ ስለ ዳግም ልደት ያስተማረው በዚያው ሌሊት ነው። በ13ኛው ምዕራፍ ይሁዳ ከማዕድ ተነሥቶ ሲወጣም ወንጌላዊው ሌሊት እንደ ነበረ ይመዘግባል። ሁለቱም ሌሊት ነው፤ አንዱ ወደ ጌታ ለመቅረብ፣ ሌላው ከእርሱ ለመራቅ ተጠቀመበት። የተኰነነው ጨለማን መውደድ፣ ማለትም መሸሸጊያ ማድረጉ ነው። እንዲያውም ወንጌል አጥብቆ የሚወቅሰው ሌሎችን ነው። በ9ኛው ምዕራፍ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው አየ፤ እናያለን ያሉት ፈሪሳውያን ግን ኃጢአታቸው እንደሚኖር ተነገራቸው። በተራራው ስብከትም፣ በማቴዎስ 6፥22 እና 23፣ ጌታ ዐይን የሰውነት መብራት መሆኗን ከተናገረ በኋላ በሰው ውስጥ ያለው ብርሃን ጨለማ ከሆነ ያ ጨለማ ምን ያህል ይበረታ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ብርሃን የለኝም ለሚል ሰው አይደለም።

ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከራሳችን ታሪክ አንድ ምስክር ልጥራ። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከነገሥታቱ ሁሉ ለሃይማኖት ትምህርት የተጉ፣ መጽሐፈ ብርሃን የሚባለው ድርሰት በስማቸው የሚጠራ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ለንጉሡ፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብላችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆራረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ከዚህ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ፍርዳቸውን እንደ ወደደው ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማቸውንም ቆረቆሩ፣ ደብረ ብርሃን ተባለ። የተገደሉት ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ገድል አላቸው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውት ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። እዚያ ውስጥ በጨለማ እስር ቤትና በረሃብ የሚጸልዩ ሰዎች ይገኛሉ። በነገረ መለኮቱ ማን ትክክል ነበር የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያ የሰማይ ብርሃን ምንም ይሁን ምን በራሱ አንደበት የለውም። የደም ፍርድን አጸደቀ ብሎ የተረጎመው የተመልካቹ ዐይን ነው። ብርሃን አየሁ ማለት ብቻውን ማንንም ጻድቅ አያደርግም፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሰይጣን የብርሃን መልአክ እስኪመስል ድረስ ራሱን እንደሚለውጥ ጽፎላቸዋል።

የብርሃንና የጨለማ ምሳሌ ከነፍስ አልፎ ወደ ቆዳ የወረደበትም ጊዜ አለ፤ ይህ እኛን በቀጥታ የሚነካን ነው። የግብፅ በረሃ አባቶች ጽሑፎች ሰይጣንን በጥቁር ሰው አምሳል ደጋግመው ያመጡታል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን፣ በዚያም ከሣቴ ብርሃን ለመባል ያበቃው ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ በጻፈው የእንጦንስ ገድል ሰይጣን በጥቁር ልጅ መልክ ይታያል። በአስቄጥስ ገዳም የነበረው ሙሴ ጸሊም ክህነት በተሰጠው ጊዜ ትሕትናውን ለመፈተን ካህናቱ በጥቁረቱ ሰድበው ከመቅደስ እንዲያስወጡት ተደረገ። እርሱ በጸጥታ ወጣ፤ ታሪኩም ስለ ትሕትናው ይነገራል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰኔ 24 ታስበዋለች። እኔ ግን የማስበው ስለ ተሳዳቢዎቹ ነው፤ ለፈተና የሚሆን ስድብ ሲፈልጉ ከሁሉ ቀድሞ የመጣላቸው የቆዳው መልክ ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች በዚህ ረገድ ብልሆች ነበሩ። በእኛም ዘንድ ሰይጣንን አጥቁረው የሚስሉ ሥዕሎች አሉ፤ አይካድም። ክፉ ሰውን ከደግ ሰው ሲለዩ ግን በቀለም አልለዩም። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ሰፋፊ ዐይኖች ይስሉታል፤ በዳዩን፣ አይሁዳዊ ከሳሽም ይሁን ሮማዊ ወታደር፣ በጎን አዙረው በአንድ ዐይን ይስሉታል። የሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ጠይም ነው። ሥዕሉ ጥፋቱን ያስቀመጠው በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተነገረው በዐይን ላይ ነው፤ ግማሽ እያየ ሙሉ አየሁ በሚል ዐይን።

የመጨረሻው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብደኛል። ጨለማን የእግዚአብሔር ማደሪያ ማድረግ በመከራ ለሚማቅቅ ሰው ስድብ አይሆንም ወይ? ልጇን የቀበረች እናት፣ መጸለይ ያቃተው የአእምሮ ሕመምተኛ ጨለማቸው ምሥጢራዊ መሰላል መሆኑን ቢሰሙ ምን ይጠቅማቸዋል? ምንም አይጠቅማቸው ይሆናል። መጻሕፍቱም ይህን ለማጽናኛ አያሽሞነሙኑትም። በእኛ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ጩኸቱን ጀምሮ በጨለማ ላይ ያበቃል፤ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት ወደ ምስጋና አይመለስም፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዳለ ትጸልየዋለች። በስቅለት ዕለትም ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ምድር ስትጨልም ጌታ ጨለማውን አልገሠጸውም፤ በውስጡ ሆኖ ስለ መተው ጮኸ። ማዘር ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ካረፈች ከ10 ዓመት በኋላ ለንስሐ አባቶቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ታትመዋል። በእኛም አገር ሳይቀር ሕሙማንን የሚያስጠጉ ቤቶች ያቆመች ያች መነኩሲት፣ ለአሥርት ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር በልቧ አይሰማትም ነበር። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ እምነቷ የውሸት ነበር አሉ። እኔ ግን በየማለዳው የሚሞተውን ሰው ቁስል ማጠቧን እቆጥራለሁ። የእግዚአብሔር በጨለማ መገኘት የጨለማውን ሕመም አያቀልም፤ የሚለው ነገር የሚታመመው ሰው የተጣለ አለመሆኑን ብቻ ነው። መታከም ያለበትም ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሕመሙን የቅድስና ምልክት ብሎ የሚያዘገየው መምህር ይበድለዋል።

የክርስትና ሁሉ መሠረት የሆነው ትንሣኤ ራሱ የተፈጸመው በሌሊት፣ በተዘጋ መቃብር ውስጥ ነው። አራቱም ወንጌላውያን ጌታ የተነሣበትን ቅጽበት አልተረኩም፤ ማንም አላየውምና። ማርያም መግደላዊት በዮሐንስ ወንጌል ወደ መቃብሩ ስትደርስ ገና አልነጋም፣ ድንጋዩ ግን ተነሥቷል። ብርሃኑ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የትንሣኤ ሌሊት ሥርዓታችን ይህን በሚገባ ይጠብቃል፤ ሕዝቡ ጾሙን እንደ ያዘ በሌሊት ይቆማል፣ ጧፉም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተለኮሰ ያልፋል። ጧፍን ልብ ብሎ የተመለከተ ያውቃል፤ በሰም የተነከረ ክር ነው፣ የሚያበራውም ክንድ የማይሞላ ስፍራ ነው፣ የያዘውን ሰው ፊትና የሚነበበውን ገጽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጨለማ ተወግዷል አይልም፤ የያዘውም ሰው ሰሙ በጣቱ ላይ እየቀለጠ ሩቅ እንደማያይ ያውቃል። ዛሬ ዛሬ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱ ሳይቀር በሚያብለጨልጭ ባለቀለም አምፖል መሞላቱ የሚያሳዝነኝ በዚህ ምክንያት ነው። አምፖሉ ዘመናዊ ስለ ሆነ አይደለም፤ መጽሐፍ ለማንበብና ደረጃ ለመውጣት ይጠቅማል። ነገር ግን ሁሉን ያጥለቀለቀ መብራት ለሚጸልየው ሰው ሁሉን እንዳየ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለሰባኪዎች የማቀርበው ልመና አለ። ሌላውን ሃይማኖት፣ ሌላውን ሕዝብ፣ ሌላውን ወገን በጨለማ ያሉ ብላችሁ ከመጥራታችሁ በፊት ማቴዎስ 6፥23ን ለገዛ ጉባኤያችሁ አንብቡት፤ ከራሳችሁም ጀምሩ። ኀዘን ወይም ሕመም የጨለመበትን ምእመን ደግሞ እምነት ጎድሎህ ነው አትበሉት። ቤቱ ሂዱ፣ መብራት አብሩ ሳትሉ አጠገቡ ተቀመጡ።